ያልዞረው ትሪ

ደምለው የሞተው እየበላ ነው። ቀኝ እጁ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ቀርቷል። የግራ ጆሮ ግንዱን መጥረቢያ ከፍቶታል፤ ደሙ በትከሻው ወርዶ መደቡን አርሷል፣ ግድግዳው ላይም ተረጭቷል። መጥረቢያው እግሩ ሥር ወድቋል። ለማገዶ መፍለጫ ከደጃፉ የማይጠፋው የራሱ መጥረቢያ ነው።

ወለተ ጊዮርጊስ ከጎልማሶች ትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ግን ሬሳውን አልነበረም። ያየችው ልጇን ነው። ስጦታ ነጭ ጋዋኗ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ደም ጠጥቶ በሁለት ፖሊሶች መካከል ከደምለው ግቢ ትወጣለች። የሟቹ ታናሽ ወንድም ያርጋል ከኋላ ደርሶ ጀርባዋን በዱላ አገኛት። ልጅቱ በጉልበቷ ወደቀች። ሊደግማት ሲያነሳ ሰዎች ያዙት።

«እማ» አለች ስጦታ ከወደቀችበት ቀና ብላ፣ «ላነሳው ስል ነው ደሙ የነካኝ።»

እናትየው ወደ ልጇ ስትሮጥ ፖሊሶቹ ከለከሏት።

ስጦታ ነርስ ናት። ስትሮክ አንዴ የጣለውን ሰው ዳግመኛ እንዳይጥለው መከላከያውን የሚያጠና ቡድን ዳባት ላይ ቀጥሯት፣ በየቤቱ እየዞረች የሕመምተኞችን የደም ግፊት ትለካለች። ደምለው ባለፈው ታኅሣሥ አውድማ ላይ በስትሮክ ወድቆ ተርፏል። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ምግቡን የምታደርስለት ጎረቤቱ ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች። ጥናቱ የሰጠውን ደብተር የምትሞላውም እሷው ናት። ፊደል የቆጠረችው አምና ስለሆነ አንዷን መስመር ለመጻፍ ላብ ያጠምቃታል። ከደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳፍራት ባዶ ቦታ ነበር፦ «መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት … ያየው ሰው …» የሚል። የሚያውቅ ስለጠፋ አልተሞላም።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር ሕሊና ከደባርቅ መጣች። ቀጭን ሴት ናት፤ ስታስብ ከኪሷ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች። ሬሳው ከተነሣ በኋላ በሟቹ ቦታ ተቀመጠችና ከፊቷ ያለውን ትሪ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወለተ ጊዮርጊስን አስጠራቻት።

«እናቴ፣ ምግቡን ስንት ሰዓት አመጡለት?»

«ሦስት ሰዓት። ከዚያ ወደ ትምህርቴ ሄድሁ። ልጄ እኮ…»

«ስለ ልጅዎ እንመጣለን። ምግቡ ምን ነበር?»

«የበግ አልጫ። በዓለ ሃምሳ አይደል?»

«ከማን ጋር ነው የሚበላው?»

«ብቻውን ነው እንጂ…» አለችና ትሪውን አየች። «ግራው ተበልቷል።»

«ግራው ምን አለው?»

«አያ ደምለው ግራውን አይበላማ። ዓይኑ አልታወረም፤ ስጦታ እንደምትለው ግን ስትሮኩ አንጎሉን ሲመታው ግራ የሚባል ጎን መኖሩን አስረስቶታል። ቀኝ ቀኙን ጨርሶ ‹አለቀ› ይላል። እኔ ነኝ ትሪውን የማዞርለት። ሲዞርለት ያኔ ያየዋል።» ደብተሩን ከፈተችላት። በየቀኑ፣ በተንጋደዱ ፊደሎች፣ አንድ ነገር ተጽፏል፦ «ግራው ቀረ። አዞርሁለት። በላ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ፈተና ነበረብኝ» አለች ወለተ ጊዮርጊስ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። «ሳላዞርለት ሄድሁ።»

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ተቀብላ የመጨረሻዋን መስመር አነበበች፤ ደግማም አነበበች። ቆሎዋን ወደ ኪሷ መለሰች።

ቀጥላ ያነጋገረችው የጭነት መኪና ሹፌሩን ሸሀቡን ነው። ግቢው ከሟቹ ጋር በአጥር ይዋሰናል።

«ትናንት ጭንቅላቱን በጎማ መፍቻ ብረት እንደምትፈልጠው ዝተህበታል አሉ።»

«ዝቻለሁ። አጥሩን በመኪናዬ ብነካበት እስከ ሰባት ትውልዴ ረገመኝ። ታዲያ ልመርቀው?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርህ?»

«ሊማሊሞ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ብቻዬን ስቀይር። ያየኝ ዝንጀሮ ብቻ ነው።»

«ዝንጀሮ ምስክር ሆኖ አይቀርብም።»

«እሱን አውቄ ነው ከጠዋት ጀምሮ ምራቄ የደረቀው።»

ያርጋል ግን ሳይጠየቅ ጀመረ። «ገዳይዋ ተይዛለች። ምን ታደክሚኛለሽ?»

«እርስዎ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ታች ማሳ። ከእሑድ ወዲህ የወንድሜን ደጃፍ አልረገጥሁም።»

«ልጅቱ ለምን ትገድለዋለች?»

«መሞከሪያ አድርጋው ነዋ። ክኒኑ አልበቃ ብሏት ያን እንደ እሬት የሚመር ጨው ታበላዋለች። አርብ አለቆቿ ሲመጡ ሊያጋልጣት ነበር። ደሙ ላይዋ ላይ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እውነት ነው፣ ደሙ ላይዋ ላይ ነው» አለች ሕሊና።

ይህን ከደጅ ሆና የሰማችው ወለተ ጊዮርጊስ ልጇ እንዳለቀላት ቆጠረችው።

ሕሊና ስጦታን ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ጀርባዋ አብጦ በደረቷ ተኝታ አገኘቻት።

«ለምን ተመለስሽ?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ስለካው ግፊቱ መቶ ዘጠና ነበር። መድኃኒቱን አስውጬ አምስት ሰዓት ላይ ደግሜ መለካት ነበረብኝ።»

«አርብ ምን ነበር የታሰበው?»

«ሐኪሞቹ ሊጠይቁት ነበር። ስትሮክ የሰዓት ጉዳይ ነው። የአንጎሉ ደም ስር በረጋ ደም ከተዘጋ፣ የሚያሟሟው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሰው ለምን እንደሚዘገይ እናጠናለን። አያ ደምለው ምላሱ ተሳስሮ ስለነበር መቼ እንደወደቀ አልታወቀም። አሁን ተፈታለት። ‹አርብ ማን ቆሞ እንዳየኝ እነግራቸዋለሁ› አለኝ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ጋሽ ያርጋል። ቤተሰብም ስለሚጠየቅ ትናንት ቀጠሮውን ስነግረው፣ አያ ደምለው ያለውንም ነገርሁት።»

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ሕሊና ሁሉንም በሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው። ስጦታ በፖሊስ ተይዛ በሩ አጠገብ ቆመች፤ እናቷ ቀርባ እንድትነካት አልተፈቀደላትም። ትሪው ከነአጥንቱ ቦታው ላይ ነው፤ ከግድግዳው ላይ የደረቀው ደም ጠቁሯል።

«ይህን ትሪ እዩልኝ» አለች ሕሊና። «አጥንቱ ከትሪው ውጭ ሁለት ቦታ ተከምሯል፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ደምለው ለግራው ጎን እጁን ሰዶ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው መጣ። ደምለው በአገሩ ልማድ ‹እንብላ› አለው። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ክፉ ያሰበ ሰው ደግሞ ክፋቱን ለመደበቅ ጭራሽ እምቢ አይልም። ታጥቦ ቀረበ። በላ።»

«እኔም ልበላ እችል ነበር እያልሽ ነው?» አለ ሸሀቡ።

«አንተ የክርስቲያን ሥጋ ትበላለህ?»

«እናቴ በቁሜ ትቀብረኛለች።»

«ስለዚህ አንተ አይደለህም። ስጦታ ደግሞ ከዚህ ትሪ ብትቀርብ መጀመሪያ ታዞርለት ነበር። እናትና ልጅ ለአምስት ወር ሲያዞሩለት ኖረዋል። ትሪው ቢዞር ግራ የቀረው ለእሱ ቀኝ ይሆን ነበር፣ አጥንቱም ሁሉ በቀኙ በኩል አንድ ቦታ ይከመር ነበር። የበላው ሰው ግን ለደምለው ትሪ የሚያዞር አልነበረም። ግራውን ለራሱ በላ። እጁን የሚታጠብ መስሎ ተነሣ፣ መጥረቢያውን አነሣ፣ ደምለው በማያየው ጎን ዞሮ መጣ። ደምለው አልተከላከለም፤ ጉርሻውን እንኳ አልለቀቀም።»

«ያም ሆነ ይህ እኔ እዚህ አልነበርሁም» አለ ያርጋል።

«ታዲያ ጨዉ መምረሩን ማን ነገረዎት?»

ሕሊና ደብተሩን ከፈተች።

«ጥናቱ ግፊት እንዲቀንስ በተለመደው ጨው ምትክ ሌላ ጨው ሰጥቷል፤ ትንሽ ይመራል። ስጦታ ፓኬቱን እንደታሸገ ለእናቷ የሰጠቻት ሰኞ ማታ ነው። ወለተ ጊዮርጊስ በገዛ ቤቷ የከፈተችው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ለማንም አልተናገረችም። ከአንዲት ማንኪያ በቀር አልጎደለም። ያቺ ማንኪያ የገባችው እዚህ ትሪ ላይ ባለው ወጥ ውስጥ ነው። ደብተሩ ላይ ‹ማክሰኞ። አዲሱ ጨው ዛሬ ተጀመረ› ይላል።»

ያርጋል ሳቀ። «ይቺ ሴትዮ መቼ መጻፍ ታውቃለች? ልጇ ናት የጻፈችው፤ ገዳይዋ።»

ሕሊና ብዕሩን ለወለተ ጊዮርጊስ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ልጇን አየች፣ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች፣ ያንኑ መስመር ጻፈች። ሕሊና ሁለቱን ጽሕፈት ጎን ለጎን ይዛ ወደ ያርጋል አዞረችው። ያው የተንጋደደ ፊደል ነው፤ ያው እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን የሚወድቅ።

ያርጋል ዱላውን ሲያነሣ ማንም አልደረሰበትም። የወለተ ጊዮርጊስ ቀኝ እጅ አንጓ ሲሰበር ቀጭ ሲል ተሰማ። ዱላው ወደ ራሷ ሳይመለስ ሸሀቡ በትከሻው መትቶ ከግድግዳው ጋር አጋጨውና በጉልበቱ ደረቱ ላይ ወጣበት። የያርጋል ጥርስ በደም ቀላ።

ሕሊና ካቴናውን እያጠለቀችለት፣ «በታኅሣሥ ወንድምዎን ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ‹ፀሐይ ስትጠልቅ ወድቆ አገኘሁት› ብለዋል» አለችው። «ሐኪሙ ግን ‹ቀኝ ጉንጩ በፀሐይ ተቃጥሏል› ብሎ ጽፏል። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጋድሟል። ማን ነበር ያየው?»

«እኔ ነኝ» አለ ያርጋል። ደም ተፋ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ወደቀ። ቆሜ አየሁት። እጁን ሰደደልኝ። ልጅ የለው፣ መሬቱ የኔ ነው አልሁና በሬዎቹን ነድቼ ሄድሁ። ማታ ስመለስ አልሞተም። ትናንትም ለምኜው ነበር፤ ‹እንብላ፣ አርብ እነግራቸዋለሁ› አለኝ።»

ሲወስዱት ስጦታ ተለቀቀች። የእናቷን እጅ በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አሰረች፤ ሁለቱም አላለቀሱም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ፣ እማ።»

«ቆይ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ደብተሩን ከመሬት አንሥታ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ብዕሩን በግራ እጇ ያዘችው። በግራዋ ጽፋ አታውቅም። ከፊደሎቹ ጋር ብዙ ታገለች፤ ልጇ ልታግዛት ስትጠጋ በክርኗ ገፋቻት። ባዶው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጠዋት ሦስት ሰዓት። ያየው ወንድሙ ያርጋል።»