በገመድ የታሰረው በር

በዚያ በር ሴት አታልፍም። በአየርላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ከባሕሩ በላይ ባለው የነዲርሚድ እርሻ ዙሪያ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። ከቤቱ ወደ ማሳው የሚያስገባው ይህ በር የዲርሚድ እናት ሺላ ከተቀበሩ ወዲህ በገመድ እንደታሰረ ነው። ሶርካ ግን የከተማ ልጅ ናትና አታውቅም ነበር።

በማሳው መካከል ክብ ሠርተው የቆሙትን የጥንት ድንጋዮች ቀይሳ ካርታቸውን ልትሠራ መጣች። ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ተሸክማ በቀጥታ ወደ በሩ አመራች።

«በዚያ አይደለም! በአጥሩ ላይ ነው የሚዘለለው» አላት ዲርሚድ ከኋላዋ እየሮጠ።

«በር እያለ አጥር የምዘለው ሌባ ነኝ እንዴ?»

«ሌባም ብትሆኚ እደግፍሻለሁ፤ ነይ» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

መተዋወቂያቸው ይኸው የድንጋይ አጥር ሆነ። ጠዋት ሲያሻግራት፣ አመሻሽ ላይ ሲመልሳት፣ እጇ በእጁ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። እሷ ስትቀይስ እሱ ሜትሩን ይይዝላታል። ዝናብ ሲመጣ ከአንዱ ድንጋይ ሥር ተጠግተው ከፔርሙሱ ሻይ ይቀዳሉ። ሲተያዩ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን የዲርሚድ ፊት ጠቆረ።

«ስትጨርሺ ወደዚህ አትመለሺ» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ዓይን ዓይኔን እያየህ አልወድሽም በለኝ።»

አላላትም። መሬት መሬት እያየ እውነቱን ነገራት። የበሩ ምሰሶ ወንድ አያቱ ከክቡ ነቅለው ያመጡት ድንጋይ ነው ይባላል። የጥንቱን ድንጋይ የደፈረ ቤት ደግሞ ሚስት አይበረክትለትም። ሴት አያቱ በወጣትነታቸው ሞቱ፤ እናቱም ተከተሉ፤ አባቱም ከእንግዲህ ሴት እንዳታልፍበት በሩን አሰሩት።

«አንቺን ደግሞ አልቀብርም» አለ። «ብቻዬን ባረጅ ይሻለኛል።»

ሶርካ ተናደደች። ይወዳታል፤ ስለሚወዳት ነው የሚያባርራት! ተረት ነው ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። እናቱን ለቀበረ ሰው ይህ ምን ያደርግለታል? ወደ ካርታዋ ተመለሰች። በክቡ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ከተገኘ ዲርሚድን እንዳጣችው ታውቃለች፤ ስሌቱን ደጋግማ ሠራችው።

በማግስቱ አባትና ልጅን ወደ ማሳው ጠርታ ካርታውን ሣሩ ላይ ዘረጋችው።

«የዚህ አገር ክቦች ቁጥራቸው ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ» አለች። «ሁለት ረጃጅሞች መግቢያው ላይ ይቆማሉ፣ አንድ አጭር ፊት ለፊታቸው፣ ከዚያ ግራና ቀኙ እኩል። የእናንተው ይኸው፤ በዚህ አራት፣ በዚያ አራት፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ። አንድም የተነቀለ የለም። ምሰሶው ደግሞ ማዕበል ያለሰለሰው የባሕር ዳር ድንጋይ ነው።»

አባባ ፋክትና፣ የዲርሚድ አባት፣ ተንበርክከው ድንጋዮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«ታዲያ ሺላዬ…»

«የሞቱት ታመው ነው አባባ» አለቻቸው ሶርካ። «ታመው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። የገዛ አባታቸውን ስንት ዓመት ሙሉ በልባቸው ሲረግሙ ኖረዋል! ኮፍያውን ሲያነሱት ጉንጫቸው በእንባ ርሷል፤ ትንፋሻቸው ግን ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ረጅም ነበር።

«ባዶ ቦታ ተገኝቶ ቢሆንስ?» አላት ዲርሚድ በሹክሹክታ።

«ምሰሶውን በጀርባዬ ተሸክሜ እመልሰው ነበር።»

ሳቀ። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ልማዱ እጇን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰዳት።

«አንተ! ወዴት ነው የምትወስዳት?» ብለው አባቱ ጮኹበት።

ከኪሳቸው ሴንጢ አውጥተው ገመዱን ቆረጡት። በሩ ዝጎ ኖሮ እምቢ አለ፤ በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱትና ወደ ጎን ቆሙላት።

«ግቢ ልጄ» አሏት። «ሙሽራ አጥር አትዘልም።»