ቀዩን ንቀለው

ሬሳው የተገኘው ሙዚቃው አልቆም ስላለ ነው።

ቡሬ ከተማ፣ ወደ ነቀምት በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጋራዥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ገበያው ገና አልተበተነም። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ አንዷለም የአንድ ሚኒባስ የፋብሪካ ቴፕ አውጥቶ አዲስ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና የሰው ደረት የሚያነቃንቅ ትልቅ ስፒከር ሲገጥም ውሏል። ስለዚህ ጩኸቱ ማንንም አላስደነቀም፤ ሰፈሩ ሁሉ «እየሞከረ ነው» ብሎ ጆሮውን ይዞ አለፈ። አንድ ዘፈን ተመላልሶ ሲጮኽ ግን የሚኒባሱ ባለቤት ጋሽ ገብረሰንበት ተበሳጭተው በሩን ከፈቱት። አንዷለም በኋለኞቹ ወንበሮች መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ራሱን ሊከልል ያነሣቸው ጣቶቹ ተሰባብረዋል፤ ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። የተገደለበት የጎማ መፍቻ እግሩ ሥር ወድቋል። ገዳዩ የቴፑን ድምፅ መጨረሻ አድርሶ መቆጣጠሪያውን ሰብሮት ስለሄደ፣ ሽማግሌው መዝጋት ቢያቅታቸው የባትሪውን ገመድ ነቀሉት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ «ገዳዩ ታወቀ» ተባለ። ከጋራዡ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ያምሮት፣ ዘፈኑ ገና ሲጀምር አንዷለም «ቀዩ!» ብሎ ሲጮኽ ሰምቻለሁ አለች። ቡሬ ውስጥ ቀዩ የሚባለው የዚያው ሚኒባስ ሹፌር ቴዎድሮስ ነው፤ መልኩ ቀይ ስለሆነ ስሙን የምታስታውስለት እናቱ ብቻ ናት። ጠዋት «ሥራ አስፈታኸኝ» ብሎ አንዷለምን በቡጢ አፍንጫውን መትቶታል። ሸሚዙ ላይም ደም ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የሟች ወንድም ይታገሱ ከፖሊስ ቀድሞ ደረሰበትና በጠመንጃ ሰደፍ ጥርሱን አረገፈው። ፖሊሶች ነጥቀው ሲያስገቡት ይታገሱ ከጣቢያው ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ከዚህች በር ሲወጣ አገኘዋለሁ» አለ። «ካልወጣም ወንድም አለው። ደሜን ሳልመልስ ወንድሜን አልቀብርም።»

ቀልድ አልነበረም። እንዲህ ብሎ የቀረ ሰው በዚያ አገር ብዙ የለም።

እሁድ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ መጣች። አጭር፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲዋሻት ከመቆጣት ይልቅ የምታዝን የምትመስል ሴት ናት። በመጀመሪያ ቴዎድሮስን አየችው። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተከድኗል።

«የመኪናው ቁልፍ የት ነበር?»

«ኪሴ ነው የነበረ። ጠዋት ተጣልተን ይዤው ሄድኩ። ሲይዙኝም ከኪሴ ነው ያወጡት።»

ያሰረው ፖሊስ እውነቱን ነው አለ። ሠርክአዲስ ሌላ አልጠየቀችም። «ታዲያ ቴፑ በምን ጮኸ?» እያለች ወደ ጋራዡ ሄደች፤ ከባለሙያ ጋርም ዳሽቦርዱን አስፈታች። ግማሽ ቀን ከፈጀ ፍለጋ በኋላ ቀዩ ሽቦና ቢጫው ሽቦ ተጠምዝዘው፣ ከሲጋራ መተርኮሻው ጀርባ ተሸጉጠው ተገኙ። ቢጫው ለሙከራ ከባትሪ በቀጥታ የተሳበ፣ ፊውዙ ገና ያልገባለት ነው። ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ነው። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ቴፑን ያለ ቁልፍ ያስጮኸዋል። መጋጠሚያው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ እንኳ በጣት ተጭኖ ተለጥፏል።

«ሰው ሊገድል የመጣ» አለች ለራሷ፣ «ይህን ያህል ለምን ተጠነቀቀ?»

ጋሽ ገብረሰንበት ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ አንዷለም ሰሞኑን የከበደው ነገር ነበር?»

«ነበር እንጂ ልጄ። ዓርብ ዕለት "የርስዎን መኪና ፊውዝ ሳላስገባ አላስረክብም፤ ደምበጫ መንገድ ላይ የተቃጠለው ሚኒባስ ፊውዝ በሌለው የቴፕ ሽቦ ነው የነደደው" አለኝ። እናትና ልጅ ያለቁበት መኪና ነው። "ማን እንደሠራው አውቄ ዝም አልኩ፤ የንስሐ አባቴ ግን ተናገር ብለውኛል፤ እሁድ ለሟቾቹ ቤተሰብ እነግራለሁ" አለ። ስሙን አልነገረኝም።»

«ሲነግርዎ ማን ነበር?»

«እኔና እሱ። ባልደረባው ክንዱም ከመኪናው ሥር ይሠራ ነበር።»

ክንዱ እዚያው ቆሞ ነበር። ጥያቄ ሳይቀርብለት «እኔ ብሎን ልገዛ ገበያ ነበርኩ» አለ። ጋራዡ ውስጥ ንጹሕ ቱታ የለበሰው እሱ ብቻ ነበር።

ያምሮት ስትጠራ አለቀሰች። «በኔ ቃል ሰው ሊሞት ነው እትዬ?»

«እንደሰማሽው ንገሪኝ።»

«"ቀዩ፣ ንቀለው" አለ።»

«ምኑን ነው ቀዩ የሚነቅለው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እስቲ እንደሱ ቁጣ፣ እንደሱ ፍጥነት በይው።»

ያምሮት ዓይኗን ጨፈነች። «ቀዩንንቀለው!» አለች፤ ወዲያውም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሚኒባሱ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ቴዎድሮስ በካቴና መጣ። ይታገሱን ራሷ ሄዳ ጠራችው፤ ጠመንጃዬን አልለቅም ሲላት «ይዘህ ና፤ ጆሮህን ግን እንዳትረሳው» አለችው። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኙን ቆሙ።

ሠርክአዲስ የባትሪውን ገመድ መለሰች። ያው ዘፈን ፈነዳ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ያምሮት ጆሮዋን ደፈነች።

«ዝጉልኝ!» ብላ ጮኸች ሠርክአዲስ፤ ቁልፉንም ለቴዎድሮስ ሰጠችው። በታሰሩ እጆቹ ከተተው፣ አዞረው፣ መልሶ አዞረው፤ ምንም የለም። ጋሽ ገብረሰንበት ወደ ባትሪው ሲሄዱ በእጇ አገደቻቸው። ክንዱ ፊቱ አመድ መስሏል። የዘፈኑ አዝማች ሲመጣ አልቻለም፤ ዘልሎ ገባና እጁን ከመተርኮሻው ጀርባ ሰዶ ናስትሮውን ቦጨቀው፣ ሽቦዎቹንም አላቀቃቸው።

ጸጥ አለ።

«እኛ ግማሽ ቀን ፈልገን ያገኘነው ነው» አለች ሠርክአዲስ በቀስታ። «አንተ ሳታይ አገኘኸው።»

«እኔ… የሙያዬ ነው…»

«የቴፕ ሽቦ ከመተርኮሻ ጀርባ አይቀመጥም። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ይህን ዘፈን የከፈተው ሰው ጩኸት ሊሸፍንበት ፈልጎ ነው፤ ቁልፍ ግን አልነበረውም። ቀዩ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ማዞር ይበቃው ነበር፤ ሽቦ ምን ያስነካዋል? አንዷለም ከኋላ ጎንበስ ብሎ አምፕሊፋየር ያስር ነበር። ቴፑ ያለ ቁልፍ ሲጮኽ ምን እንደተደረገ ገባው፤ ፊውዝ የለማ! እንዳይነድ ፈርቶ ጮኸ። ያምሮት፣ ምን አለ?»

«ቀዩን… ንቀለው።»

«"ቀዩ" ብሎ ሰው አልጠራም። "ቀዩን" ሽቦ ንቀለው አለ። ሁለቱ "ን" አንድ ሆኑና ስም መሰለ፤ ቅኔ ሳይሆን ቅኔ ሆነብን። ጋሽ ገብረሰንበትን ቢሆን "ይንቀሉት" ይል ነበር እንጂ ሽማግሌ "ንቀለው" አይባልም። ሽቦ የሚያውቅ፣ አንተ የሚባል፣ ዛሬ እሁድ ስሙ እንዳይነሣ የፈራ። ደምበጫ የነደደውን መኪና ቴፕ የገጠምከው አንተ ነህ፣ ክንዱ።»

ክንዱ እጁ ላይ የቀረውን ናስትሮ አየ። «እሳቱን አይቻለሁ» አለ። «ልጅቷ መስኮቱን ስትደበድብ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ራቁቱን መተው አልችልም። አትናገር ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ እምቢ አለኝ። ስመታው እንኳ… እጁን አነሣብኝ፣ እኔም እጁን መታሁት…»

ጠመንጃ ተቀባበለ። ይታገሱ አፈሙዙን ክንዱ ላይ አነጣጥሯል። ሠርክአዲስ ፈርታም ቢሆን መሐል ገባች።

«ትናንት በዚሁ እርግጠኛነት ነበር ይህን ልጅ ልትገድለው የነበረው» አለችና ወደ ቴዎድሮስ የተሰበረ አፍ አመለከተች። «ወንድምህ ሊሞት ሲል እንኳ ሌላ ሰው እንዳይቃጠል ነው የጮኸው።»

ይታገሱ ቴዎድሮስን ለረጅም ጊዜ አየው። ጠመንጃውን መሬት ላይ አጋደመና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። «ወንድሜን ልቅበረው» አለ።

ካቴናው ከቴዎድሮስ እጅ ወደ ክንዱ ተዛወረ። ክንዱ ሲወስዱት ደጋግሞ ወደ ሚኒባሱ ይዞራል፤ ዓይኑ ከዳሽቦርዱ በተንጠለጠለው ራቁት ቢጫ ሽቦ ላይ ነው።

«ጫፉን ሸፍኑት» አለ። «በእግዚአብሔር፣ ሸፍኑት፤ ይነዳል!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሠርክአዲስ ወደ ሹፌሩ ዞረች።

«ቀዩ፣ ንቀለው» አለችው።

ቴዎድሮስ የተላላጠ እጁን አሻሸና የባትሪውን ገመድ ነቀለው።