ዝም ያሰኟት ላንድክሩዘር

የሹፌሩ የገብረሚካኤል አስከሬን ከገደሉ ሲወጣ፣ የትራፊክ አደጋ መርማሪዋ ኢንስፔክተር በዛወርቅ ከተገለበጠችው ላንድክሩዘር አጠገብ ተንበርክካ ነበር። መኪናዋ የውሃ ፕሮጀክቱ ናት። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወደ ቢታ ገነት ስትሄድ ቁልቁለቱ ላይ በድንገት ወደ ቀኝ ታጥፋ ገደል ገባች። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ፍሬኑም ይሠራል።

በዛወርቅ የኋላውን በር ስታይ መኪናዋን አወቀቻት። እጀታው በሽቦ ታስሯል። ማክሰኞ አውቶቡስ አምልጧት ያንን ሽቦ ስባ ተሳፍራባታለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በፊት በቀኝ በኩል አክስሉ ክብደቱን ከሚሸከመው ተነባባሪ ብረት፣ ከባሌስትራው ሥር ሸሽቶ ወጥቷል። በሁለቱ ብረቶች መካከል መዳፍ የሚያክል የተጨፈለቀ ጥቁር ጎማ አገኘች። ጎማ ውስጥ አየር የሚይዘው የከመነዳሪ ቁራጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ክብ ልጣፊ ግማሹ አለበት።

መኪናዋን በመጨረሻ የጠገናት መካኒኩ ነቢዩ ስለሆነ ቦንጋ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ አደረ።

«ሰኞ ምን ሠራህ?» አለችው።

«የሾክ አብዞርበሩን ጎሚኒ፣ ያቺን ትንሿን ጎማ፣ ቀየርኩ። ሹፌሯ ኢሳይያስ ‹ቋ ቋ ትላለች› ብሎ አመጣት። ወጣ አድርጌ ልሞክራት ብል ‹ለሥራ ትፈለጋለች› አለኝ። ድምፅ እኮ መንገድ ላይ ነው የሚመረመረው፣ ኢንስፔክተር። መኪና ቆማ አትናዘዝም።»

«መንገድ ላይስ በምን ትለየዋለህ?»

«ጉድጓድ በመታች ቁጥር ካንኳኳች ሾክ አብዞርበሩ ነው። ፍሬን ሲያዝ አንዴ፣ ስትነሳ ደግሞ አንዴ ‹ቋ› ካለች ግን ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያጠበቁት ብሎኖች ላልተዋል። ያን ከሰማሁ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ቤቴ እገባለሁ እንጂ ከጋራዥ አትወጣም።»

በዛወርቅ ብዕሯን አስቀመጠች። ሲያዝ አንዴ፣ ስትነሳ አንዴ። ያ ድምፅ ከማክሰኞ ጀምሮ ከጆሮዋ አልወጣም።

«በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ጎማ ቢገባበትስ?»

«ሁለት ቀን ዝም ትላለች። ጎማው ሲደቅ ብሎኑ ይላላል፤ ከበፊቱ ይብሳል። ይህን መካኒክ አያደርገውም። የሹፌር ዘዴ ነው።»

በፕሮጀክቱ ግቢ ኢሳይያስ አዲስ ፒክአፕ ያጥባል። እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ላንድክሩዘሯን ይነዳ የነበረው እሱ ነው። የስምሪት ኃላፊው አቶ ልዑልቃል ጃኬታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል።

«ጋሽ ልዑልቃል፣ ሐሙስ ጠዋት የላንድክሩዘሯ ርክክብ እንዴት ነበር?»

«እንደ ደንባችን ነዋ። ተረካቢው መስኮት ከፍቶ ኮብልስቶኑ ላይ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ጆሮው ምንም ካልሰማ ይፈርማል። ገብረሚካኤል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዞረ፤ ፈረመ።»

«ቢሰማ ኖሮስ?»

«ርክክቡ ይቀራል። አዲሱም ፒክአፕ ለኢሳይያስ ቀርቶ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሄዳል።»

ኢሳይያስ ጨርቁን ጨመቀ። «ነቢዩ ሰኞ ከነካካት ወዲህ ድምፅ የሚባል የላትም። ማክሰኞ ከቢታ ገነት ስመለስ እንኳ ውስጧ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ያለ ነበር።»

«ሰው አሳፍረህ ነበር?»

«በፕሮጀክት መኪና? ክልክል ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

ዓይን ዓይኗን እያየ ነበር የተናገረው። አላወቃትም። በዛወርቅ ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ፒክአፑ ላይ የተጫነውን ጀሪካን አየች። የታሰረው በከመነዳሪ ነው፤ ጫፉ በቅርብ ተቆርጧል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም በግቢው ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ጥቁር ለብሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነቢዩ እጁ እንደታሰረ ቆመ።

በዛወርቅ ከገደሉ ያመጣችውን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ጀሪካኑን አስፈትታ ማሰሪያውን አጠገቡ ዘረጋች። ሁለቱ ግማሽ ልጣፊዎች ገጥመው አንድ ክብ ሆኑ።

«ገብረሚካኤልን የገደለው ይህ ጎማ ነው» አለች። «ድምፁን አፈነ፤ እሱም አዳምጦ ፈረመ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ የላላው አክስል ሸሸ፣ መኪናዋም ታጠፈች። ጎማው የመጣው ካንተ ጀሪካን ማሰሪያ ነው፣ ኢሳይያስ።»

ኢሳይያስ ጠጋ ብሎ ማሰሪያውን አየ። «የኔ ነው፣ አልክድም። ሰኞ ነቢዩ ‹ቁራጭ ስጠኝ› ብሎኝ ሰጠሁት። የት እንደከተተው ምን አውቄ?»

«እኔ?» አለ ነቢዩ።

ልዑልቃል መሬት መሬት አዩ። በዛወርቅ የቀረውን አሰበች። የኢሳይያስ ቃል በነቢዩ ቃል ላይ ነው፤ የጥገናው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የነቢዩ ነው። እሷ ዝም ካለች ይፈረድበታል።

«ሰኞ ገብቶ ቢሆን ማክሰኞ ዝም ባለች ነበር» አለች።

«ዝም ብላለች አልኩ እኮ።»

«አላለችም። ሺሺንዳ ልትገባ ስትል በጎች አቋረጡህ። ፍሬን ያዝክ፣ ቋ አለች። ስትነሳ ደገመች። ሦስተኛው ላይ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኸው።»

«ይህን ማን አየ?»

«እኔ። ነጠላ ተከናንቤ ከኋላ ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጬ ነበር። ጎማው የገባው ከማክሰኞ በኋላ፣ ከርክክቡ በፊት ነው። ረቡዕ መኪናዋ ማን ዘንድ ነበረች?»

ልዑልቃል ጃኬታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «እሱ ዘንድ። ረቡዕ ሺሺንዳ ለስብሰባ ስገባ በክሪክ ከመሬት ሲያነሳት አይቼዋለሁ። ‹ርክክቡ እስኪያልፍ ዝም ካለች ይበቃል› ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ኢሳይያስ የፒክአፑ ጎማ ላይ ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ለገብረሚካኤል እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሐሙስ ስልኬን ሁለቴ አነሳሁ። ፒክአፑን ይወስዱብኛል ብዬ አስቀመጥኩት።»

የነቢዩ እጅ ተፈታ። አንጓውን እያሻሸ ቆመ እንጂ አልሄደም።

«ታዲያ እርስዎም ሰምተውት ነበር?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ሰምቼው ነበር።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ለመናገር ማን እንደሆንኩ መግለጥ ነበረብኝ። መርማሪ ሰው ማሳፈር በተከለከለ መኪና ተሳፍራ ተገኘች እንዳይባል ፈራሁ። ወረድኩና ሄድኩ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

በዛወርቅ የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ አወጣችና በአንደኛው ምስክር ቦታ የራሷን ስም ጻፈች። ምስክር ስለሆነች መዝገቡ ሰኞ ወደ ሌላ መርማሪ ይሄዳል። ቅጹ ላይ «ያወቁትን መቼ ተናገሩ?» የሚል ጥያቄ የለም። ከታች በእጇ ጨመረችው፤ መልሱንም ሞላች፦ ከአራት ቀን በኋላ።