ጂስና ኤቢንን ያሳሳተችበት ጨዋታ

ጂስና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ በኬረላ ግዛት፣ ኩታናድ በሚባል ውሃማ አካባቢ፣ ከቦዩ ዳር ነው። አባቷ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ እናቷ ዳክዬ ታረባለች። ዝናብ ሲገባ ቦዩ ይሞላና የክሪኬት ሜዳችንን ውሃ ይውጠዋል። ያን ጊዜ የተወረወረውን ኳስ የምንመታበት ዱላ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጆች ደግሞ እኔ በማስተምርበት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ባለው ቴሌቪዥን የክሪኬት ጌም ይጫወታሉ።

በዚህ ጌም ጂስናን የሚያሸንፍ አልነበረም። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች እንኳ ጆይስቲኩን ስትይዝ "በቃ፣ መጣችብን!" ይሉ ነበር። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። እናንተስ ብትሆኑ ደስ አይላችሁም? መደሰቱ ኃጢአት የለበትም።

በዚያ ዓመት ኤቢን የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጎረቤቷ ሆኖ መጣ። እናቱ ነርስ ናት፤ ኩዌት ሥራ ስላገኘች አክስቱ ዘንድ ትታው ሄደች። ኤቢን በሰፈሩ ማንንም አያውቅም። ዋና አይችልም፤ ጀልባ መቅዘፍም አይችልም። አዳራሹ ጥግ ቆሞ ሌሎቹ ሲጫወቱ ያያል።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ጂስና ብቻዋን ስትጫወት ጠጋ አለ።

"እቴቴ፣ እኔንም አስተምሪኝ" አላት።

"ክሪኬት ተጫውተህ ታውቃለህ?"

"በጌም ነው በሜዳ?"

"በየትኛውም።"

"በየትኛውም አላውቅም።"

ጂስና ሳቀች። "ና ተቀመጥ። እኔ ልወርውርልህ፣ አንተ ምታ።"

የመጀመሪያዎቹን ኳሶች ሳታቸው። ቀጥሎ ግን አንዷን በዓይኑ ተከተላት፤ ጠበቃት፤ የጆይስቲኩን ቁልፍ ተጫነ። ኳሷ በሁለት ተከላካዮች መሃል ሾልካ ከሜዳው ወጣች፤ ይህ አራት ነጥብ ነው። ማንም ሳይነግረው! የጂስና ሳቅ ጠፋ። "ይሄ ልጅ ትንሽ ካወቀ ይበልጠኛል" ብላ አሰበች። ቅዳሜ ደግሞ የጌም ውድድር አለ፤ የሰበካው ሰው ሁሉ ይመጣል።

"እንዴት ነው መምታት ያለብኝ?" አለ ኤቢን። "ንገሪኝ፣ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ።"

ልጆች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጂስና እውነተኛውን መልስ ታውቃለች። ምላሷ ላይ ነው። ዝም ብትል እንኳ ይሻል ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችው፦

"ወርዋሪው መሮጥ ሲጀምር ወዲያው ቁልፉን ተጫን፤ አትጠብቅ። መሬቱ ላይ የምትታየውን ቀይ ምልክት አትያት፤ ለማታለል ነው። ሁልጊዜ በኃይል ወደ ላይ ምታ። ቀስ ብሎ የሚመታ ፈሪ ብቻ ነው።"

"እሺ እቴቴ" አለ ኤቢን። እንዳይረሳው ለራሱ ደጋግሞ አነበነበው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ጃንጥላዎች በሩ ላይ ተከምረዋል፤ የተጠበሰ ሙዝ ይሸታል። የኤቢን አክስት ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። የኤቢን ተራ ደረሰ። ወርዋሪው መሮጥ ጀመረ፤ ኤቢን ወዲያው ቁልፉን ተጫነ። ኳሷ ገና ከእጅ አልወጣችም! ዱላው ባዶ አየር መታ፤ ኳሷም ዘግይታ መጥታ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ጣለቻቸው። እንጨቶቹ ሲወድቁ መቺው ይወጣልና የኤቢን ጨዋታ አለቀ። አንድም ነጥብ አላገኘም።

በክሪኬት ያለ ነጥብ የወጣን ሰው "ዳክዬ" ይሉታል። ልጆቹም አልራሩለትም።

"ቋ! ቋ! ቋ!"

"ጂስና፣ ከእናትሽ ዳክዬዎች አንዷ አምልጣ መጥታለች!" አለ ሊጆ የሚባለው ቀልደኛ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። "ለመሆኑ ማነው እንዲህ ያስተማረህ?" ብሎ ኤቢንን ጠየቀው።

ጂስና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

የኤቢን ዓይን እንባ ሞልቷል። ቢሆንም ቀና አለ። "እቴቴ ጂስና ናት። እሷ በደንብ ነው ያስተማረችኝ። የእኔ እጅ ነው ሰነፍ።"

በዚያ ቀን ያሸነፈችው ጂስና ናት። ሁሉም አጨበጨቡላት። እሷ ግን የሰጧትን ሙዝ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። ኤቢን ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

እሑድ ኤቢን ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ሰኞም አዳራሹ ውስጥ አልታየም። ጂስና ወደ አክስቱ ቤት ሄደች። ኤቢን በረንዳው ላይ ሆኖ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል።

"አይ እማዬ፣ ክሪኬት ለእኔ አይሆንም። ሌሎቹ ይችላሉ፤ እኔ አልችልም። መቼ ነው የምትወስጂኝ?"

ጂስና ተመልሳ ልትሄድ አሰበች። ማንም አላወቀባትም፤ ዝም ካለችም ማንም አያውቅም። እግዚአብሔር ግን ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ስልኩን እስኪዘጋ ጠብቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ኤቢን፣ እጅህ ሰነፍ አይደለም። ዋሽቼህ ነው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። እንዳትበልጠኝ ፈርቼ ሁሉንም ገልብጬ ነገርኩህ።"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ኤቢን ተነሳ። "እኔ እኮ አምኜሽ ነበር" አለና ገብቶ በሩን ዘጋው።

ይቅርታ ስንጠይቅ ሁልጊዜ ወዲያው አናገኝም፣ ልጆች። የተጎዳ ሰው ጊዜ ይፈልጋል። ጂስና አለቀሰች፤ ጸለየች። ከዚያም አዳራሽ መጥታ በሁላችንም ፊት ቆመች። "ኤቢን ያለ ነጥብ የወጣው እኔ ስላሳሳትኩት ነው። መሳቅ ካለባችሁ በእኔ ሳቁ" አለች። ማንም አልሳቀም። ሊጆ ጆሮውን እያሻሸ አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ወደ እኔ መጣና "መምህር፣ እኔ ሄጄ ብጠራው ይመጣ ይሆን?" አለኝ።

"ሄደህ እየው" አልኩት።

በማግስቱ ኤቢን ጂስና በሁሉም ፊት ያለችውን ከሊጆ ሰምቶ አብሮት መጣ። ጂስና ፊት ቆሞ፣ "አሁን የምትነግሪኝ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አላት።

"ዝም ብለህ አትመነኝ፤ ሞክረው" አለች። "እኔ እወረውራለሁ። ያልኩህ ካልሠራ ተወው።"

ተቀመጡ።

"መጀመሪያ የወርዋሪውን እጅ እይ። ኳሷ ሳትወጣ ቁልፍ አትንካ። ቀይዋ ምልክት ኳሷ የምታርፍበት ናት፤ አንተ አጠገብ ከሆነች ወደ ፊት ራመድ በል፣ ከራቀች ወደ ኋላ። ገና ስትጀምር በኃይል አትምታ፤ እንጨቶችህን ጠብቅ። ተከላካይ የሌለበትን ቦታ ፈልግና ቀስ አድርገህ ወደዚያ ላካት። ከፍ አድርጎ መምታት ዓይንህ ሲለምድ ይደርሳል።"

ኤቢን አንዷን ኳስ እግሩ ሥር አቆማት። ሌላዋን ወደ ጎን ገፋት፤ አንድ ነጥብ አገኘ።

"ሠራ!" አለ። ፊቱ በራ። "በይ ድገሚ። እንዳታዝኚልኝ ደግሞ! ጠንከር አድርገሽ ወርውሪ።"

ክረምቱ ሳይወጣ ኤቢን ጂስናን በሁሉም ፊት አሸነፋት። ልቧን ትንሽ ቆንጠጥ አድርጓታል፤ አልዋሻችሁም። ቢሆንም ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ኤቢን ዞር ብሎ፣ "እቴቴ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ኳስ እንዴት እንደመታኋት ላሳይሽ?" አላት።

"አሳየኝ" አለችና ተጠግታው ተቀመጠች።

ልጆች፣ አምኖን የሚጠይቀንን ሰው ማሳሳት ትልቅ በደል ነውና፣ የምናውቀውን በእውነት እናስተምር፤ ካሳሳትንም ጥፋታችንን ተናግረን እንካሰው።