የጃለታ ጓጉንቸር

ጃለታ ከሁለቱ የብረት ሮለሮች መካከል በድን ሆኖ ሲወጣ የማሽኑ ማጥፊያ እንደተቆለፈ ነበር። ጓጉንቸሩ የራሱ ነው፤ ቁልፉም በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሮቤ ዳርቻ ባለችው፣ ከስንዴ ገለባ ወረቀት በምትሠራው ፋብሪካ፣ ኤሌክትሪሺያን ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኃይሉን አጥፍቶ በገዛ ጓጉንቸሩ ይቆልፋል፤ ቁልፉን ለእናቱ ልጅም አይሰጥም። ጃለታም ይህንኑ አድርጎ ነበር። ማሽኑ ግን ዞረና ገደለው።

ታዲያ ምን ተደረገ? ደሙ ሳይደርቅ ጥፋተኛ ተገኘ! የኮንትሮል ክፍሏ ሠራተኛ ፈይሩዝ «ማስነሻውን ተጭናለች» ተባለችና ጥበቃ ቤት ውስጥ ተዘጋባት። የስምንት ወር ልጅ ታጠባለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፖሊስ መኪና መጥቶ ወደ ጎባ እስር ቤት ሊወስዳት ነው። ለመጠየቅ እንኳ ያልደከሙ ሰዎች ለመፍረድ ሲሆን እንዴት ይፈጥናሉ!

ኢንስፔክተር ሃጂራ ቀመር ሬሳውን ጎባ ሆስፒታል አይታ፣ ቁልፉን ከአንገቱ ፈትታ፣ በሚኒባስ ሮቤ የገባችው በሰባት ሰዓት ነው። ሃምሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት። ከማንም ጋር ሳትነጋገር ወደ ማሽኑ ሄደች። ጓጉንቸሩን ሁለት ጊዜ ሳበችው፤ አልነቃነቅም አለ። በቁልፉ ሞከረችው፤ ተከፈተ። መልሳ ቆለፈችው።

«አዴ ሃጂራ፣ በከንቱ ደከሙ» አላት የፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ ኢንጂነር ዳቢሴ። «ነገሩ ግልጽ ነው። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መንደሩ ሁሉ ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት ከቢሮ ወጣሁ። በአሥር ሰከንድ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ልጅቷ ማስነሻውን ተጫነች። አለቀ።»

«ይኼ ተቆልፎ?»

«እንግዲህ... በደንብ አልቆለፈው ይሆናል።»

«አሁን ሲከፈት አይተዋል እኮ። ለመሆኑ ጄኔሬተሩን ማን አስገባው?»

ዳቢሴ ደረቱን ነፋ። «እኔ! ድሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ወረቀቱ ይበጠሳል፣ እርጥቡ ሮለር ላይ ይደርቃል፤ ለማጽዳት ግማሽ ቀን። አሁን ባትሪው የኮንትሮሉን ኮምፒውተር ያቆያል፣ ጄኔሬተሩ ይነሣል፣ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል።»

ሰው በሞተበት ሥፍራ ቆሞ ስለ ማሽኑ ሲኮራ ሃጂራ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄደች።

ፈይሩዝ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የጡቷ ወተት ቀሚሷን አርሶታል።

«ትናንት ከጃለታ ጋር ተጣላችሁ ይላሉ።»

«ወላሂ እሱ ነው የጮኸብኝ! ማሽኗ ሰው ሳያዛት በራሷ እንደምትነሣ ደርሶበታል። ሐሙስ ባለቤቶቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ እነግራለሁ አለ። እኔ ደግሞ ‹ተው፣ ያባርሩሃል› አልኩት። ‹ዛሬ የእኔ እጅ ነው፣ ነገ ያንቺ› ብሎ ተቆጣኝ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው እኮ፣ አዴ!»

«ዛሬ መብራት ሲጠፋ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሁሌ ይጠፋ የለ! አለቃዬ ጉሉማ ‹ሄደ!› አለ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ማሽኑ ሁሉ ዝም ሲል የማዶው ወፍጮ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ጄኔሬተሩ አጓራ፤ ከዚያ የእሱ ጩኸት። ማቆሚያውን መታሁት፤ ግን...» አልጨረሰችውም።

የፈረቃ ኃላፊው ጉሉማ ኮንትሮል ክፍሉ በር ላይ ቆሟል።

«ፈይሩዝ ማስነሻውን ነክታለች?» አለችው ሃጂራ።

«አልነካችም። አጠገቧ ነበርኩ፤ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊትም ንቅንቅ አላልኩም።»

«ይህን ለመጡት ፖሊሶች ነግረሃል?»

«ኢንጂነሩ ‹አፍህን ያዝ፣ እንጀራህን ጠብቅ› አለኝ።»

«አንተም ያዝክ! ልጇ ከጡት ሲነጠል አፍህን ይዘህ ልትቆም ነበር?»

ጉሉማ አንገቱን ደፋ። ከመሳቢያ ሁለት ወረቀት አወጣላት። አንዱ የዛሬ ነው፤ ጃለታ ሮለሮቹ መካከል እንዲገባ የተሰጠ ፈቃድ። አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ዳቢሴ ፈርሞበታል። ሁለተኛው የአምናው የጄኔሬተር ርክክብ ነው፤ «የጄኔሬተሩ መስመር በማጥፊያው በኩል ያልፋል፤ ያለ ሰው ትእዛዝ ማሽኑ አይነሣም» ይላል። እዚህም የዳቢሴ ፊርማ አለ።

«የመንደሩ መብራት ወደ ፋብሪካው የሚገባበት ክፍል ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔና ኢንጂነሩ ዘንድ ብቻ። ክፍሉ ከአጥሩ ጎን ነው።»

ሃጂራ የፋብሪካው መግቢያ በር ላይ ዘበኛው ኦቦ ኢዶሳን አገኘቻቸው። ሬዲዮናቸው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያወራል።

«ኢንጂነሩ ዛሬ ጠዋት በዚህ አልፎ ነበር?»

«አልፏል ልጄ። ‹ምን ይላል ዜናው?› ብሎኝ በአጥሩ ጎን ዞረ። ዜናውን ሳልነግረው መብራቱ ድርግም አለ።»

«ሲያልፍ ሬዲዮኑ ይናገር ነበር ማለት ነው? ባትሪ የለውም?»

«ኧረ የባትሪ ጣጣ ማን ይችላል!»

መንገዱን ተሻገረች። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጫሊ ዱቄት ለብሶ ወጣ።

«ዛሬ መብራት ጠፍቶብህ ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ከጠዋት ጀምሮ አልሄደም። ወረፋውም አልተቋረጠም።»

«በናፍጣ እየፈጨህ እንዳይሆን?»

«ናፍጣውንማ ሸጥኩት። ከፋብሪካው ጋር አንድ መስመር ነን፤ የምንጨልመው አብረን ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናው መጣ። ሃጂራ ሾፌሩን አስቁማ ሁሉንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰበች። ማሽኑ ቆሟል፤ ማጥፊያው በጃለታ ጓጉንቸር ተቆልፏል። ጉሉማን ወደ መብራት መግቢያው ክፍል ላከችው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለች። «ኢንጂነር ዳቢሴ፣ ይህ የርክክብ ወረቀት የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ማጥፊያው ከተቆለፈ ጄኔሬተር ቢነሣም ማሽኑ አይዞርም ማለት ነው?»

«አይዞርም።»

«እንግዲያው እጅዎን እዚህ ያስገቡ።»

«ምን?»

«ሮለሮቹ መካከል። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ ፈይሩዝም ከአጠገቤ ቆማለች። ምን ያስፈራዎታል?» ከዚያ ጮኸች፤ «ጉሉማ፣ አጥፋው!»

አዳራሹ ጨለመ። ጸጥታው ውስጥ የማዶው ወፍጮ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዳቢሴ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሃጂራ አንድ ነዶ ገለባ ሮለሮቹ ላይ ወረወረች። ጄኔሬተሩ አጓራ። ተቆልፎ የነበረው ማሽን ዞረና ገለባውን ድቅቅ አድርጎ በላው። ፈይሩዝ ሮጣ ማቆሚያውን መታች።

«አየህ!» ሃጂራ አንቱታውን ጣለችው። «የጄኔሬተሩን መስመር በማጥፊያው በኩል ማሳለፍ ሲገባህ ማጥፊያውን ዘልለህ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ቀጠልከው። ጓጉንቸሩ የሚይዘው የመንደሩን መብራት ብቻ ነው። ማሽኑ በራሱ እንዲነሣም አደረግህ፤ ሁለቱንም ‹አላደረግሁም› ብለህ ፈረምክ። ጃለታ ማሽኑ በራሱ እንደሚነሣ ደረሰበት። ሐሙስ ሊናገር ነበር፤ የመስመሩን ነገር ግን ስላላወቀ ጓጉንቸሩን አምኖ ገባ።»

«አደጋ ነው! መብራቱ ጠፍቶ...»

«አልጠፋም! ወፍጮውን አትሰማም? ዛሬ ጠዋትም ሲፈጭ ነበር፤ ፈይሩዝ ሰምታዋለች። የፋብሪካው መብራት ብቻ ተቆርጦ ነበር፤ ቆራጩ ደግሞ ቁልፍ ያለው ሰው ነው። ጉሉማ ከፈይሩዝ ጎን አልተነሣም። አንተ ‹መብራት ሲጠፋ ወጣሁ› አልክ፤ በኦቦ ኢዶሳ በኩል ያለፍከው ግን ሬዲዮናቸው እየተናገረ ነው። ሊጠፋ ያለውን መብራት ቀድመህ ያወቅኸው እንዴት ነው? ጃለታ ውስጥ መሆኑንም ታውቃለህ፤ አንተው ፈቀድክለት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ገደልከው። እዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ‹ሄደ› ተብሎ ይጠበቃል እንጂ ማን አጠፋው ተብሎ አይጠየቅም። ያንን አውቀህ ነው!»

የዳቢሴ እጆች አሁንም ብብቱ ውስጥ ናቸው። ለካቴናው እንኳ ፖሊሱ ጎትቶ ነው ያወጣቸው። ለፈይሩዝ የተዘጋጀችው መኪና እሱን ጭና ሄደች።

ፈይሩዝ ሮለሮቹ ላይ የቀረውን ገለባ ታያለች። «‹ተው› ብዬው ነበር፣ አዴ» አለች በንዴት እያለቀሰች። «እሱ የእኔን እጅ ያስባል፤ እኔ ‹ተው› እለዋለሁ!»

ሃጂራ የጃለታን ቁልፍ በክሩ እንደታሰረ ሰጠቻት። ፈይሩዝ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

«ያ መስመር ከሥሩ ተነቅሎ ካልወጣ ይህችን ማሽን ማንም አያስነሣትም» አለች።

«ባለቤቶቹ ሐሙስ ይመጣሉ፤ የተሠራ ወረቀት ይጠብቃሉ» አለ ጉሉማ በቀስታ።

«ይጠብቁ!» አለች ፈይሩዝ፣ ልጇን ልታጠባ ወደ ቤቷ እየገሰገሰች።