እግሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ፣ የሙት መንፈስ ምናምን የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ ስሙም አይነሳ፣ ደግሞ ግሮቭፖርት ያለ ዌርሃውስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል ሰው ስለማይታይ ነገር የሚያስብበት ጉልበትም የለው፣ ስለዚህ እንደ ሆነው ነው የምነግራችሁ።

ባለፈው ወር ነው፣ በፈረንጅ 2021 ሊያልቅ ሲል። ታናሽ እህቴ ሜሮን ኮሌጅ ቲያትር ትማራለች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሂልቶፕ ሰፈር አንድ ባዶ ሱቅ አስፈቅደው የአሻንጉሊት ቲያትር ይሠራሉ፣ የሕፃናት እንዳይመስላችሁ፣ አሻንጉሊቱ ከማሸጊያ ወረቀት የተሠራ፣ የአሥር ዓመት ልጅ የሚያክል፣ ዓይንም አፍም የሌለው ሰውዬ ነው፣ ሦስት ሰው ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ አንዱ ራሱን፣ አንዱ እጆቹን፣ አንዱ እግሮቹን ይዞ።

እግር የሚይዘውን ልጅ ኮቪድ ያዘውና ሜሮን ኮል አደረገችኝ፣ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ። ጠዋት ስንለማመድ ሕጉ አንድ ነው አለችኝ፣ ራሱን የያዘችው እሷ ትመራለች፣ እኔና እጆቹን የያዘው ኬቨን እንከተላለን። ጎረቤቴን እትዬ አስካለንም ይዣቸው ሄድኩ፣ ባለቤታቸው ጋሼ ታደሰ ባለፈው ዊንተር በኮቪድ ሞቶባቸው፣ ሆስፒታል መግባት ተከልክለው ሳይሰናበቱት የቀሩ ሴት ናቸው፣ ትንሽ ከቤት ይውጡ ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ሰውዬው ከወንበሩ ይነሳል፣ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ በቃ ይሄው ነው። ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ የወረቀቱ ኮሽታ ተለወጠብኝ፣ እመኑኝ፣ ከእኛ ትንሽ ቀድሞ ነበር የሚሰማው፣ መጀመሪያ ኮሽ ይላል፣ ከዚያ እጄ ውስጥ ያለው እግር ይነሳል። ሜሮን ሐሳቧን ቀይራ ነው ብዬ ተከተልኩ። ወደ ተመልካቹ ሄድን፣ ሰውዬው እትዬ አስካለ አጠገብ ባዶ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ቀኝ እጁን በካፖርታቸው ኪስ ከተተ።

እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊት እያዩ፣

«ዛሬም ጓንትህን ረሳህ?» አሉ።

እግሮቹ ለአፍታ ከበዱኝ፣ ደክሞት የተቀመጠ ሰው እግር እንደሚከብደው፣ ከዚያ ተመልሰው ወረቀት ሆኑ።

ሲያልቅ ሜሮንን ለብቻዋ ወስጄ ለምን ሳትነግሪኝ ቀየርሽው አልኳት።

«እኔ አልመራሁም» አለችኝ፣ «እግሩ ሲሄድ አንተን ነው የተከተልኩት።»

ኬቨንን ጠየቅነው፣ የሰውዬውን እጅ እሱ እንዳልከተተው፣ አብሮ ተስቦ እንደገባ ነገረንና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ስመልሳቸው እትዬ አስካለ መኪና ውስጥ ሳልጠይቃቸው አወሩኝ፣ ጋሼ ታደሰ ብሮድ ስትሪት ላይ አብረው አውቶቡስ ሲጠብቁ ሁሌ ጓንቱን ይረሳና እጁን እሳቸው ኪስ ውስጥ ይከት ነበር፣ ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም አሉ። አላለቀሱም፣ እንዲያውም ሬዲዮ ክፈትልኝ አሉኝ።

በሳምንቱ እግር የሚይዘው ልጅ ድኖ መጣ፣ እኔ እሳቸው አጠገብ ተቀምጬ አየሁ። ሰውዬው ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ አለቀ። እትዬ አስካለ ምንም ቅር ሳይላቸው ወደ እኔ ዞረው «አንተ ስላልያዝከው ነው» አሉኝ።

የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻው ትርኢት ነው። ሜሮን እግሩን አንዴ ብቻ ያዝላቸው ትለኛለች፣ ፓስተራችንን ላማክር አስቤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ትናንት እትዬ አስካለ ደወሉ፣ ራይድ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው፣ ስለ እግሩ እኔም አላነሳሁ፣ እሳቸውም አልጠየቁኝ፣ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አጠገቤ ሰው እንዳይቀመጥ ንገርልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው፣ ምን ልበል?