አምስቱ ማሰሪያዎች

ሯጩ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ሲገኝ፣ የተበጠሰው የተረከዝ ጅማቱ በቀዶ ጥገና ከተሰፋ ገና አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ከባቱ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባው ደርሶ ሳይገድለው እንዳልቀረ ተናገሩ።

«ገዳይዋ ፊትዎ ቆማለች!» አለ ታላቅ ወንድሙ፣ ሚስቲቱን ለመርማሪው እያመለከተ። «ደም ማቅጠኛውን መርፌ በየቀኑ እንድትወጋው ታዝዛ ነበር። ችላ ብላዋለች። የወንድሜን ልጅ እኔ ነኝ የማሳድጋት፤ አላስነካትም!»

የሚስቲቱ ዕንባ አልቆ ነበር። «አንድም ቀን አላሳለፍኩም፣ ወንድም ጋሼ። ልጄን ብቻ አይንጠቁኝ።»

መርማሪው በሟቹ እግር ላይ ወዳለው ረጅም የድጋፍ ጫማ ጎንበስ አለ። አምስቱ ማሰሪያዎች በሥርዓት ታስረዋል። ፈትቶ ካልሲውን ዳሰሰ፤ ጣቱ ወዛ። ሲያሸተው እንደ ማሻ ቅባት ካምፎር ካምፎር አለው።

«የቁስሉን ስፌት ክር ያወጣሁት ብቻዬን ሆኜ ነው» አሉ ተጠርተው የመጡት ቀዶ ሐኪሙ። «ወዲያው ጫማውን አጥልቄ፣ ማንም እንዳይፈታው አስጠነቀቅሁ።»

ሽማግሌው አሰልጣኝ ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። «ስለየው ደህና ነበር እኮ! ቁስሉ እንዴት አምሮ ገጥሞ ነበር! ከታች ጥጉ ላይ ምስር የምታህል ቅርፊት ብቻ ነበረች የቀረችው።»

«ያጽናዎት» አለ መርማሪው።

በሦስተኛው ቀን አራቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መርፌው አልታጎለም። ሆዱ ላይ ከቆየው ቢጫ እስከ አዲሱ ሰማያዊ፣ አሥራ ዘጠኝ የመርፌ ምልክት ተቆጥሯል። ዶክተር፣ እየተወጋም ደም ሊረጋ ይችላል?»

«አልፎ አልፎ ያጋጥማል።»

«የአስከሬን ምርመራው እንዳረጋገጠው፣ የረጋው ደም ባቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከቦታው ያነሣው ማን ነው? ካልሲው በማሻ ቅባት ርሷል፤ እንግዲያው ጫማውን የፈታ እጅ አለ። ደግሞስ፣ ጫማ የሸፈነውን ቅርፊት ከዶክተሩ ሌላ ማን አየው?»

ዓይን ሁሉ ወደ አሰልጣኙ ዞረ።

«ባቴን ያዘኝ አለኝ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ሃያ ዓመት ሯጭ ባቱን ሲይዘው ምን ሳደርግ ኖርኩ? አሸሁት። ለልጄ ያስታገስኩለት መስሎኝ ነበር!»

«ማሸትዎ ስሕተት ነው» አለ መርማሪው። «ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ስሕተት አይባልም። የተነሣው ደም ገና ሲያሹት ነው ትንፋሹን ያሳጠረው፤ ሲያጣጥር ሰው አልጠሩም። ተንበርክከው አምስቱንም ማሰሪያ አንድ በአንድ ያስሩ ነበር።»

«መፍታቴ እንዳይታወቅ ብዬ… ፈርቼ…»

ታላቅ ወንድሙ አንገቱን ደፋ። «እኅቴ…» አለ፤ ሚስቲቱ ግን አልሰማችውም። አሰልጣኙ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሲወጡ ‹እንቅልፍ ወስዶታል፣ አትቀስቅሺው› አሉኝ። ያን ጊዜ ይተነፍስ ነበር?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ራሳቸውን ብቻ፣ አዎ በማለት ነቀነቁ።